ግማሽ ዋጋውን መንግሥት ሲከፍል ወሳጅ ያጣው ቫውቸር፦ የብሪታንያ የዲጂታል ድጋፍ መርሃ ግብር የጉዳይ ጥናት

የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ሪሺ ሱናክ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2021 ለፓርላማ ባቀረቡት የበጀት ንግግር ለአነስተኛና ለመካከለኛ ድርጅቶች የታሰበ የ520 ሚሊዮን ፓውንድ የድጋፍ ጥቅል ይፋ አደረጉ። ጥቅሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። «ሄልፕ ቱ ግሮው፦ ማኔጅመንት» የተባለው የድርጅት ኃላፊዎችን በቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሚያሠለጥን ሲሆን፣ «ሄልፕ ቱ ግሮው፦ ዲጂታል» የተባለው ደግሞ ድርጅቶች ሥራቸውን የሚያቀላጥፍ ሶፍትዌር ሲገዙ መንግሥት የዋጋውን ግማሽ፣ እስከ 5,000 ፓውንድ ድረስ፣ ቫውቸር በተባለ የቅናሽ ሰነድ የሚሸፍንበት ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ 100,000 ድርጅቶች እንዲጠቀሙበት የታቀደው ይህ ሁለተኛው ክፍል ጃንዋሪ 20 ቀን 2022 ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር እንደሚዘጋ ተነገረ፤ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2023 አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቆመ። ዕድሜው ከአንድ ዓመት ብዙም አልዘለለም። መንግሥት ለመዝጋቱ የሰጠው ዋና ምክንያትም የተጠቃሚው ቁጥር ከተጠበቀው በታች መሆኑ ነበር።

የድጋፍ መርሃ ግብሮች ሲወድቁ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ገንዘቡ ቶሎ አለቀ፣ ላልተገባው ሰው ደረሰ፣ ወይም ተጭበረበረ የሚል ነው። ይህ ጉዳይ ከእነዚህ የተለየ በመሆኑ በጥንቃቄ ሊጠና ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ገንዘቡ ተመድቧል፤ ድረ ገጹ ተሠርቷል፤ አቅራቢዎቹ ተመርጠዋል፤ የጠፋው ወሳጁ ነው። በግማሽ ዋጋ የቀረበን፣ ያውም ይጠቅማል ተብሎ በሁሉም ወገን የሚታመንበትን ነገር ድርጅቶች ለምን ሳይወስዱት ቀሩ? ጉዳዩን መርምሬ የደረስኩበት መልስ ሁለት ገጽታ አለው። ቫውቸሩ የሸፈነው ወጪ ድርጅቶቹን ወደ ኋላ የያዛቸው ወጪ አልነበረም። የመንግሥትን ገንዘብ ከብክነት ለመጠበቅ የተቀመጡት መስፈርቶችም ለየብቻቸው ሲታዩ ምክንያታዊ ቢሆኑም፣ አንድ ላይ ሲደራረቡ ሊያልፍባቸው የሚችለው ድርጅት ጥቂት ብቻ ነበር።

መነሻው

በብሪታንያ ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በፊት በአንድ የሥራ ሰዓት የሚመረተው ሀብት በዓመት በአማካይ 2 በመቶ ገደማ ያድግ ነበር። ከቀውሱ በኋላ ይህ ዕድገት ክፉኛ ተዳከመ፤ ምክንያቱም ለዓመታት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች መከራከሪያ ሆኖ ቆየ። በወቅቱ የእንግሊዝ ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት የነበሩት አንዲ ሃልዴን በ2017 ባደረጉት ንግግር ችግሩን ከድርጅቶች መካከል ካለው ልዩነት ጋር አያያዙት። ጥቂት ድርጅቶች በዓለም ደረጃ ከሚጠቀሱት ጋር የሚወዳደር ምርታማነት ሲኖራቸው፣ እጅግ ብዙዎቹ ግን ከኋላ ተሰልፈው ለዓመታት እምብዛም አይንቀሳቀሱም፤ በፊተኞቹ ዘንድ የተለመደ ቴክኖሎጂ ወደ ኋለኞቹ የሚደርሰውም በጣም በዝግታ ነው። ይህ ምርመራ ትክክል ከሆነ አገሪቱ የሚያስፈልጋት አዲስ ፈጠራ ብቻ ሳይሆን፣ ድሮ የተፈጠረውና ዋጋውም የረከሰው መሣሪያ ወደ ብዙኃኑ ድርጅት እንዲዳረስ ነው። የሂሳብ መዝገብን በኮምፒዩተር መያዝ፣ የደንበኞችን ዝርዝርና ትዕዛዝ በአንድ ሥርዓት መከታተል፣ ዕቃን በኢንተርኔት መሸጥ የመሳሰሉት ከዚህ የሚመደቡ ናቸው።

መንግሥት ወደዚህ ጉዳይ በጭፍን አልገባም። በ2018 «ቢዝነስ ቤዚክስ» የተባለ 9.2 ሚሊዮን ፓውንድ የተመደበለት ፕሮግራም ተቋቁሞ፣ ትንንሽ ድርጅቶችን ነባር ቴክኖሎጂና የተሻለ የአመራር ዘዴ እንዲጠቀሙ ምን እንደሚያነሣሣቸው በሙከራ ለመፈተሽ ተሞክሮ ነበር። ከእነዚህ ሙከራዎች ውስጥ ለኋላው ጉዳይ ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር ከዋናው ጥያቄ ዳር የተገኘ ነው፤ ተሳታፊ ድርጅት መመልመል ራሱ ከታሰበው በላይ አስቸጋሪ ሆኖ ታየ። በነጻ የሚሰጥን ድጋፍ እንኳ ይዞ የሚቀርብን ሰው የድርጅት ባለቤት ቆም ብሎ ለማዳመጥ ጊዜ የለውም። ይህ ምልክት በጊዜው ተገቢው ክብደት ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ መርሃ ግብር ሌላ ቅርጽ ይይዝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የቫውቸሩ አሠራር

አሠራሩ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የድርጅቱ ኃላፊ ወደ መንግሥት ድረ ገጽ ገብቶ መስፈርቱን ማሟላቱን ያረጋግጣል፤ ቫውቸሩ በኢሜይል ይደርሰዋል፤ ከጸደቁት ሶፍትዌሮች አንዱን መርጦ ከአቅራቢው ሲገዛ ቅናሹ ይታሰብለታል፤ አቅራቢው ቀሪውን ገንዘብ ከመንግሥት ይቀበላል። ሶፍትዌሮቹ መጀመሪያ ላይ ሁለት ዓይነት ነበሩ፤ የሂሳብ አያያዝ ሶፍትዌርና የደንበኞች ግንኙነት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር። የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሶፍትዌር ከጊዜ በኋላ ተጨመረ።

መስፈርቶቹን ግን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። ድርጅቱ ከ5 እስከ 249 ሠራተኞች ሊኖሩት ይገባል። በኩባንያዎች መዝገብ የተመዘገበ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሲሠራ የቆየ መሆን አለበት። የሚገዛውን ዓይነት ሶፍትዌር ከዚህ በፊት ገዝቶ የማያውቅ መሆን አለበት። የሚገዛው ከጸደቁት አቅራቢዎች ዝርዝር ውስጥ መሆን አለበት። ቫውቸሩ እጁ ከገባ በኋላም በ30 ቀናት ውስጥ ሊጠቀምበት ይገባል። ድጋፉ የሚሸፍነው የመጀመሪያዎቹን 12 ወራት የሶፍትዌር ዋጋ ግማሽ ነው።

እያንዳንዱ መስፈርት የቆመበት ምክንያት አለው። ድጎማ የሚያቅድ ማንኛውም መንግሥት የሚፈራው ያለ ድጎማውም ይገዛ ለነበረ ሰው ገንዘብ መስጠትን ነው፤ ምክንያቱም ያ ገንዘብ ወጥቶ ምንም ለውጥ አያመጣም። ሶፍትዌሩን ከዚህ በፊት ያልገዛ ይሁን የተባለው ለዚህ ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት የሠራና የተመዘገበ ይሁን የተባለው ደግሞ የሌለ ድርጅት ፈጥሮ ገንዘብ የሚወስድን ለመከላከል ነው። ይህ ፍርሃት በዚያ ሰሞን ባዶ አልነበረም። በኮቪድ ወቅት ከሜይ 2020 ጀምሮ ለትንንሽ ድርጅቶች እስከ 50,000 ፓውንድ የሚደርስ፣ መንግሥት ሙሉ በሙሉ ዋስ የሆነበት ብድር በፍጥነት ሲከፋፈል ብዙ ማጭበርበር ተፈጽሟል። የዲጂታል ቫውቸሩ ሥራ በጀመረ በአራተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 2022፣ ሚኒስትሩ ሎርድ አግኒው መንግሥት ይህን ማጭበርበር የተከታተለበትን መንገድ አጥብቀው ነቅፈው በጌቶች ምክር ቤት ፊት ሥልጣናቸውን ለቀቁ። እንዲህ ባለ አየር ውስጥ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ በሩን ማጥበቡ የሚያስወቅሰው አይደለም። ገንዘብ ያለ አግባብ ቢወጣ የሚጠየቅ አለ፤ ገንዘቡ ሳይወጣ ቢቀር ግን በዚያው ልክ የሚጠየቅ የለም። ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ ጥብቅነት የሚያዘነብለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ችግሩ የሚመጣው መስፈርቶቹ ሲባዙ ነው። ለምሳሌ ያህል አራት መስፈርቶች እያንዳንዳቸው ከቀረበላቸው ድርጅት ግማሹን ብቻ ያሳልፋሉ ብንል፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ከ16 ድርጅቶች አንዱ ነው። ያ የቀረው አንዱም ስለ መርሃ ግብሩ ሊሰማ፣ ሊያምነው፣ ሊያመለክት፣ በ30 ቀናት ውስጥም ወስኖ ሊገዛ ይገባል።

የታለመላቸው ድርጅቶች ስንት ነበሩ

በ2022 መጀመሪያ በብሪታንያ ወደ 5.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የግል ድርጅቶች ነበሩ። ከእነዚህ ሦስት አራተኛው ያህል ከባለቤታቸው በቀር ሌላ ሠራተኛ የሌላቸው ናቸው፤ እነርሱ ከመነሻው ውጭ ሆኑ። ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚሆኑት ከ1 እስከ 9 ሠራተኛ ያላቸው ሲሆኑ፣ ከእነርሱም 5 ያልሞላቸው ቀሩ። ከ10 እስከ 249 ሠራተኛ ያላቸው በድምሩ 250,000 ገደማ ነበሩ። በሦስት ዓመት 100,000 ድርጅት የሚለው ዕቅድ እንግዲህ ሊያመለክቱ ከሚችሉት ውስጥ እጅግ ትልቅ ድርሻ ይዞ የተነሣ ነው። የዕቅዱ ቁጥር የተገልጋዩን ብዛት፣ መስፈርቱ ደግሞ የመንግሥትን ስጋት መነሻ አድርገው ለየብቻ የተወሰኑ ይመስላሉ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢሰሉ አለመጣጣማቸው ገና ከጅምሩ ይታይ ነበር።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ነገር ግን በሌላ መሥሪያ ቤት እጅ የነበረ ነው። የብሪታንያ የግብር ባለሥልጣን «ሜኪንግ ታክስ ዲጂታል» በሚባለው ሕግ መሠረት፣ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ85,000 ፓውንድ በላይ የሆነና ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገቡ ድርጅቶች ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ መዝገባቸውን በዲጂታል መንገድ እንዲይዙና በሶፍትዌር አማካይነት እንዲያሳውቁ አስገድዶ ነበር። ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ደግሞ ግዴታው የሽያጭ መጠን ሳይለይ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገቡትን ሁሉ አካተተ። አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት ዓመታዊ ሽያጩ ከ85,000 ፓውንድ በታች ሊሆን የሚችለው በጣም አልፎ አልፎ ነው። እንግዲህ በ2022 መጀመሪያ ቫውቸሩ የሂሳብ ሶፍትዌርን በግማሽ ዋጋ ሲያቀርብ፣ አብዛኛው የታለመለት ድርጅት በሕግ ተገድዶ ሶፍትዌር መጠቀም ከጀመረ ሦስት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። የራሳቸውን ስፕሬድሺት (በኮምፒዩተር የሚሞላ የሂሳብ ሰንጠረዥ) ይዘው በማገናኛ ሶፍትዌር ብቻ ሪፖርት የሚያደርጉ፣ ወይም ከታክሱ ነጻ የሆነ ሥራ የሚሠሩ እንደነበሩ አይካድም፤ እነዚህ ግን ጥቂቶች ናቸው። ከዚህ በፊት ያልገዛ የሚለው መስፈርት ከግብር ሕጉ ጋር ሲጋጭ፣ የመጀመሪያው የሶፍትዌር ዓይነት ገበያው ቫውቸሩ ከመታተሙ በፊት ተወስዶ ነበር ማለት ይቻላል። አንዱ የመንግሥት ክንድ በግዴታ የፈጸመውን ሥራ ሌላው ክንድ በድጎማ ሊፈጽመው ዘግይቶ መጣ።

ይህ መስፈርት ያስከተለው ሌላም ጉዳት አለ። አሮጌና የማይበቃ ሶፍትዌር ያለው፣ ወደ ተሻለ ለመሸጋገር የሚፈልግ ድርጅት ድጋፉን ማግኘት አይችልም ነበር። እንዲህ ያለው ድርጅት ግን የዲጂታል መሣሪያን ጥቅም የቀመሰ፣ ጉድለቱንም በደንብ የሚያውቅ፣ ለመግዛትም የተዘጋጀ ነው። ድጋፉ ሊገፋው የሚችለውን ትቶ፣ እስከዚያን ጊዜ ድረስ በራሱ ምክንያት ያልገዛውን ፍለጋ ሄደ።

የዋጋ ቅናሹ ምን ያህል ያወጣል

5,000 ፓውንድ የሚለው ቁጥር በማስታወቂያ ላይ ትልቅ ይመስላል። እዚያ ለመድረስ ግን ድርጅቱ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ የ10,000 ፓውንድ ሶፍትዌር መግዛት አለበት። ለትንሽ ድርጅት የሚሆን የሂሳብ ሶፍትዌር የሚሸጠው በወርሃዊ ክፍያ ነው። ወርሃዊ ክፍያው 30 ፓውንድ ነው ብንል፣ የዓመቱ ዋጋ 360 ፓውንድ፣ የመንግሥት ድርሻ 180 ፓውንድ ይሆናል። ስለዚህ ለብዙው ድርጅት የቀረበለት ስጦታ በተግባር የመቶዎች ፓውንድ እንጂ የሺዎች አልነበረም። በዚያ ላይ የሶፍትዌር ኩባንያዎች ራሳቸው ለአዲስ ደንበኛ የመጀመሪያዎቹን ወራት በቅናሽ ወይም በነጻ የመስጠት ልማድ ስላላቸው፣ መንግሥት ያቀረበው ቅናሽ ማመልከቻ ሳይሞላ ከሚገኘው የገበያ ቅናሽ ጋር ይወዳደር ነበር።

ሶፍትዌሩ ከተገዛ በኋላ የሚመጣው ወጪ ግን ከዋጋው በብዙ ይበልጣል። የቆየውን የደንበኛና የሂሳብ መረጃ አጥርቶ ወደ አዲሱ ሥርዓት ማስገባት፣ ሠራተኛውን ማሠልጠን፣ ለጥቂት ወራት አሮጌውንና አዲሱን መዝገብ ጎን ለጎን መያዝ፣ ስሕተት ሲፈጠር ማረም፣ ከነባሩ አሠራር ጋር የማይገጥመውን ክፍል ማስተካከል ሁሉ ጊዜ ይበላል። የሚበላውም የባለቤቱን ጊዜ ነው፤ በአሥር ሠራተኛ ድርጅት ውስጥ እንዲህ ያለውን ውሳኔ ለሌላ የሚያስተላልፍበት የቴክኖሎጂ ክፍል የለም። ባለቤቱ ይህን ጊዜ የሚያገኘው ከሚሸጥበትና ከሚያመርትበት ሰዓት ቀንሶ ነው። ከዚህም ሌላ የስጋት ዋጋ አለ፤ ያልተስማማ ሶፍትዌር መርጦ መረጃውን ሁሉ ካስገባ በኋላ መመለስ ከባድ ነው። ቫውቸሩ ከእነዚህ ወጪዎች አንዱንም አልነካም። እንዲያውም የ30 ቀኑ ገደብ ስጋቱን አባብሶታል፤ ዓመታት ያመነታ ባለቤት በአንድ ወር ውስጥ አማራጮችን አነጻጽሮ እንዲወስን መጠየቅ ነበርና።

ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች የሂሳብ ሶፍትዌርን የሚመርጡት በሂሳብ ባለሙያቸው ምክር መሆኑም በንድፉ ውስጥ በቂ ቦታ አላገኘም። ባለሙያው በሚያውቀው አንድ ሥርዓት ሁሉንም ደንበኞቹን ማስተናገድ ይቀለዋል፤ የሶፍትዌሩ ክፍያም ብዙ ጊዜ ከአገልግሎት ዋጋው ጋር ተጠቃልሎ ይታሰባል። ቫውቸሩ የተላከው ለድርጅቱ ሲሆን፣ ውሳኔው ግን በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ባለሙያው የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ከጸደቁት ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

የ2022 ዓመት

ለፍትሕ ሲባል ጊዜውም መታየት አለበት። መርሃ ግብሩ የታቀደው ከኮቪድ ማገገም በሚጠበቅበት በ2021 ሲሆን፣ የተተገበረው ግን የኃይል ዋጋ በናረበትና የዋጋ ግሽበት በኦክቶበር 2022 11.1 በመቶ በደረሰበት ዓመት ነው። የእንግሊዝ ባንክ የወለድ መጠን በዓመቱ መጀመሪያ 0.25 በመቶ የነበረው በዲሴምበር አጋማሽ 3.5 በመቶ ደርሷል። የመብራትና የጋዝ ክፍያው የተቆለለበት ባለቤት አዲስ የደንበኞች ማስተዳደሪያ ሥርዓት ለመዘርጋት ልብ አይኖረውም። በፖለቲካውም በኩል አገሪቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮችን አየች። መርሃ ግብሩን በገንዘብ ሚኒስትርነታቸው የጀመሩት ሱናክ፣ መዘጋቱ ሲነገር ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ።

ይሁንና ዋናው ምክንያት ይህ ነው ብዬ አልቀበልም። መንግሥት በ2022 አጋማሽ የሠራተኛውን ወለል ከ5 ወደ 1 ዝቅ አድርጎ በሩን አስፍቶ ነበር፤ ይህ እርምጃ ራሱ መስፈርቱ ጥብቅ እንደነበር ማመን ነው። ነገር ግን ከዚህ በፊት ያልገዛ የሚለው፣ የ30 ቀኑ ገደብ፣ የአቅራቢዎች ዝርዝርና የድጋፉ ዓይነት እንዳሉ ቀሩ። የሠራተኛ ቁጥርን ዝቅ ማድረግ ደግሞ ወደ መርሃ ግብሩ ያስገባው ይበልጥ ትንንሽ የሆኑትን፣ ከጊዜ እጥረቱ የተነሣ ይበልጥ የሚቸገሩትን፣ የሚገዙት ሶፍትዌር ዋጋውም ይበልጥ ዝቅተኛ የሆነውን ነው። የሰፋው በር ችግሩ ባልነበረበት በኩል ነበር።

እዚያው አገር የተሳካ ቫውቸር

ብሪታንያውያን የድርጅት ባለቤቶች ቫውቸር አይወዱም እንዳይባል ቀደም ያለ ማስረጃ አለ። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በ22 ከተሞች፣ በኋላም ወደ 50 ከተሞች ሰፍቶ፣ ትንንሽ ድርጅቶች ፈጣን ኢንተርኔት እንዲያስገቡ እስከ 3,000 ፓውንድ የሚሸፍን «ኮኔክሽን ቫውቸር» የተባለ ድጋፍ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ተጠቃሚው ቀርፋፋ ነበር፤ ከዚያ ግን ፍላጎቱ እየገፋ ሄዶ ከ50,000 በላይ ድርጅቶች ከተጠቀሙበት በኋላ ገንዘቡ አልቆ በኦክቶበር 2015 ተዘጋ።

ሁለቱን ሳነጻጽር ልዩነቱ ከሁሉ አስቀድሞ በተሸፈነው ወጪ ላይ ጎልቶ ይታየኛል። ለኢንተርኔቱ ድርጅቱን ያስቸገረው መስመሩን ለመዘርጋት በአንድ ጊዜ የሚወጣው ገንዘብ ነበር፤ ቫውቸሩ የከፈለው ያንኑ ነው፤ ወርሃዊውን ክፍያ ባለቤቱ ራሱ ቻለ። ለሶፍትዌሩ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ባለቤቱ ሊችለው የሚችለውን ወርሃዊ ክፍያ መንግሥት ግማሹን ከፈለ፣ በአንድ ጊዜ የሚመጣውን ከባድ የሽግግር ሸክም ለባለቤቱ ተወው። በዚያ ላይ የኢንተርኔት መስመር አንዴ ከተዘረጋ የድርጅቱን የውስጥ አሠራር ሳይነካ የሚያገለግል ነው። ማንም ሠራተኛ አዲስ ሙያ መማር አያስፈልገውም። ሻጮቹም ቢሆኑ ብዙዎች ስለነበሩና እያንዳንዱ ቫውቸር ለዓመታት የሚከፍል ደንበኛ ስለሚያስገኝላቸው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ድጋፉን የሚያስተዋውቁት እነርሱ ሆኑ።

ምክርን ያስቀደሙ ሁለት መንገዶች

በ2017 የሲመንስ ብሪታንያ ኃላፊ የነበሩት ዩርገን ማየር የመሩት የ«ሜድ ስማርተር» ጥናት ከታተመ በኋላ፣ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ለትንንሽ አምራቾች ሌላ ዓይነት ድጋፍ በ20 ሚሊዮን ፓውንድ ተሞከረ። እዚህ መጀመሪያ የሚመጣው ገንዘብ አይደለም። የፋብሪካን ሥራ የሚያውቅ አማካሪ ድርጅቱ ዘንድ ሄዶ አሠራሩን ያያል፤ ከባለቤቱ ጋር የቴክኖሎጂ የጉዞ ዕቅድ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ከሚያወጣው ጋር የሚመጣጠን እስከ 20,000 ፓውንድ የሚደርስ እርዳታ ይከተላል። ዕቅዱን ለመተግበር የሚያግዝ ተማሪ በጊዜያዊነት ይመደባል፤ ለኃላፊዎችም ሥልጠና ይሰጣል። ይህ ድጋፍ ከሙከራ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፍቷል፤ መንግሥትም በ2024 በመላው እንግሊዝ እንዲዳረስ ወስኗል። ከቫውቸሩ ጋር አንድ ቀን የተወለደው የማኔጅመንት ሥልጠናም፣ ዕድገቱ ከታሰበው ያነሰ ቢሆንም፣ አልተዘጋም፤ ባለቤቱ 750 ፓውንድ ከፍሎ ቀሪውን 90 በመቶ መንግሥት የሚሸፍንለት ይህ የ12 ሳምንት ኮርስ ከሌሎች ባለቤቶችና ከአንድ አማካሪ ጋር ያገናኘዋል።

ምክርን ማስቀደም ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ ይህን ለማየት ካናዳን መመልከት ይበቃል። ካናዳ በማርች 2022 በከፈተችው የዲጂታል ድጋፍ መርሃ ግብር ዓመታዊ ሽያጫቸው ቢያንስ 500,000 የካናዳ ዶላር የደረሰ ድርጅቶች በአማካሪ ለሚያዘጋጁት ዲጂታል ዕቅድ ከወጪው 90 በመቶ፣ እስከ 15,000 ዶላር፣ ትከፍል ነበር፤ ዕቅዱን ለመተግበርም እስከ 100,000 ዶላር የሚደርስ ከወለድ ነጻ ብድር በመንግሥቱ የንግድ ልማት ባንክ በኩል ቀርቦ ነበር። ድርጅቶች ለዕቅዱ ጎረፉ፤ ይህ ክፍል በፌብሩዋሪ 2024 አዲስ ማመልከቻ መቀበል ያቆመው ገንዘቡ በሙሉ አስቀድመው ላመለከቱት ስለተያዘ ነው። እዚህ ያለው አደጋ ከብሪታንያው ተቃራኒ ነው። ወጪው ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል መጠን ሲሸፈን አማካሪው ደንበኛ ፈላጊ ይሆናል፤ የሚያስረክበው ሰነድም ድርጅቱ የሚሠራበት ዕቅድ መሆኑ ቀርቶ ድጎማውን የሚያስገኝ ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል። የሜድ ስማርተር አማካሪ የተሻለ ቦታ ላይ ያለው በዚህ ነው፤ ደመወዙን የሚያገኘው ከፕሮግራሙ ስለሆነ በሚጽፈው ዕቅድ ብዛት አይከፈለውም፤ የሚሸጠው ሶፍትዌርም የለውም።

የዚህ መንገድ ክብደቱ ደግሞ በወጪው ላይ ነው። ሙያውን የሚያውቅ አማካሪ በየድርጅቱ መላክ በኢሜይል ቫውቸር ከመላክ ጋር ሊነጻጸር አይችልም፤ በሦስት ዓመት 100,000 ድርጅት የሚል ዕቅድም በዚህ መንገድ አይታሰብም፤ ያን ያህል ብቁ አማካሪ የትም አይገኝም። መንግሥት በ2021 ቫውቸሩን የመረጠው በጥቂት ሠራተኛና በድረ ገጽ ብቻ ብዙ ሕዝብ እደርሳለሁ ብሎ ነው። በእኔ አስተያየት መነሻው ቁጥሩ ሳይሆን ወጪው መሆን ነበረበት፤ ማለትም ለአንድ ድርጅት እውነተኛ ሽግግር የሚያስፈልገው ድጋፍ ስንት እንደሆነ ቀድሞ በጥቂት መቶ ድርጅቶች ላይ ተሞክሮ፣ የተመደበው ገንዘብ የሚችለውን ያህል ድርጅት ብቻ መውሰድ፤ ቫውቸር የግድ ካስፈለገም የሶፍትዌሩን ዋጋ ለባለቤቱ ትቶ መረጃ ለማሸጋገርና ሠራተኛ ለማሠልጠን የሚከፈለውን የሙያ ክፍያ እንዲሸፍን ማድረግ፤ ከአሮጌ ሶፍትዌር ወደ ተሻለ የሚሸጋገሩትንም ማካተት፤ የአጠቃቀሙን ጊዜ ከ30 ቀናት ይልቅ ከድርጅቱ የሂሳብ ዓመት ጋር ማያያዝ ይገባ ነበር። የሂሳብ ባለሙያዎች ደንበኞቻቸውን ወክለው እንዲያመለክቱ ቢፈቀድላቸው ኖሮ ደግሞ መንግሥት በማስታወቂያ ሊደርስባቸው ያልቻለውን ድርጅቶች በየወሩ የሚያገኟቸው ሰዎች መርሃ ግብሩን ተሸክመው ይዘውላቸው ይሄዱ ነበር።